ለአሮጌ ተሳቢ የሚገጥም ስኮርታ፦ የትኛው አማራጭ ለማን ይስማማል?

በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በገላንና በቡራዩ አካባቢ ከፒክአፕ ኋላ ታስረው ውሃ፣ ብሎኬት፣ ጭድና የግንባታ እንጨት ከሚያመላልሱት ባለ አንድ አክስል ትንንሽ ተሳቢዎች ብዙዎቹ የፋብሪካ ስም የላቸውም። ከዓመታት በፊት አንድ ብየዳ ቤት ከአሮጌ መኪና ያወጣውን አክስልና ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን ስፕሪንግ) ይዞ፣ አንግል ብረትና ላሜራ አልብሶ የሠራቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት ባለንብረቱ ስኮርታ (ተጠባባቂ ጎማ) ፍለጋ ሲወጣ እንደ መኪና ባለቤት ሞዴልና ዘመን ጠርቶ መጠየቅ አይችልም፤ ሻጩ «የምን መኪና ነው?» ሲለው የሚመልሰው ያጣል። ብዙ ጊዜም የተበላሸውን ጎማ በዓይኑ ለክቶ «ይኼን የሚያክል» ብሎ ይገዛና ቤቱ ሲደርስ አልገጥም ይለዋል።

ለዚህ ችግር በተግባር አራት መፍትሔዎች አሉ፦ ያለውን ቸርኬ (ጎማው የሚለብስበትን ብረት) አስጠግኖ አዲስ ጎማ ማልበስ፣ ያገለገለ ቸርኬ መግዛት፣ አዲስ ቸርኬ መግዛት፣ ወይም የተሳቢውን አክስል ጭራሽ ቀይሮ የጎታቹን መኪና ስኮርታ እንዲቀበል ማድረግ። ከአራቱ የትኛው እንደሚያዋጣ የሚወስነው የጎማው ሁኔታ ሳይሆን ሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ክሪክ፣ ሜትርና ካሊፐር ይዞ ከተሳቢው ሥር መንበርከክ ይቀድማል።

ሞዞውን መለካት

በቅድሚያ የሚለካው የቡሎኖቹ ብዛትና የተደረደሩበት ክብ ስፋት ነው። ሞዞው ባለ 4 ወይም ባለ 6 ቡሎን ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ ከአንዱ ቡሎን መሃል ፊት ለፊቱ እስካለው ቡሎን መሃል ያለው ርቀት ራሱ የክቡ ስፋት ነው። የቡሎንን መሃል በዓይን መገመት ስለሚያሳስት ከአንዱ ቡሎን የግራ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ሌላው ቡሎን የግራ ጠርዝ መለካት ይሻላል፤ ውጤቱ ከመሃል እስከ መሃል ከሚገኘው ጋር አንድ ነው። ባለ 5 ቡሎን ሞዞ ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ቡሎኖች ስለሌሉት፣ ጎን ለጎን ባሉት በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ በ1.701 ማባዛት ያስፈልጋል። ርቀቱ 67.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ የክቡ ስፋት 114.3 ነው፤ 82.1 ከሆነ 139.7፣ 88.2 ከሆነ ደግሞ 150 ነው። እነዚህ ቁጥሮች በበርካታ ሚሊ ሜትር የተራራቁ ስለሆኑ በጥንቃቄ የተያዘ ተራ ሜትር እንኳ ይለያቸዋል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ሞዞው ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል። ባለ 6 ቡሎን 139.7 የቶዮታ ሃይሉክስ፣ የአይሱዙ ዲማክስ፣ የሚትሱቢሺ ኤል 200 እና የኒሳን ፓትሮል ልክ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቸርኬው በቀላሉ የሚገኝለት ይኼው ነው። ባለ 5 ቡሎን 139.7 ከሆነ ሞዞው የሱዙኪ ቪታራ ወይም የላዳ ኒቫ ሊሆን ይችላል። ባለ 5 ቡሎን 114.3 በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ አለ፤ አሜሪካ ሠራሽ ተሳቢዎችም በስፋት የሚጠቀሙበት ልክ ስለሆነ፣ ከውጭ ድርጅት በጨረታ የተገዛ ተሳቢ ያለው ሰው ቸርኬ ከጃፓን መኪኖች መካከል ሊያገኝ ይችላል። ባለ 4 ቡሎን 100 የቪትዝ፣ የያሪስና የዲዛየር ነው። 5 በ165.1 ከተገኘ ሞዞው የላንድሮቨር ዲፌንደር ወይም የቀደምቶቹ ነው፤ 4 በ140 የፔጆ 504፣ 4 በ130 የኋለኞቹ ቮልሶች፣ 5 በ205 ደግሞ ከ1968 በፊት የተሠሩት ቮልሶች ልክ ነው። ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ አራቱ አንዱ ከሆነ ፍለጋው ይረዝማል፤ ወደ አራተኛው አማራጭ አሁኑኑ ማሰብ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ላዳ ነው። የላዳና የድሮዎቹ ፊያቶች ልክ 4 በ98 ሲሆን፣ ከ4 በ100 የሚለየው በሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 100 ቸርኬ በላዳ ሞዞ ላይ አንዳንዴ በግድ ይገባል፤ ዳዶው (በቡሎኑ ላይ የሚጠብቀው ማሰሪያ) ወይም ቡሎኑ በቁልፍ ኃይል ሲጠብቅም የተስተካከለ ይመስላል። እውነቱ ግን ቸርኬው በሞዞው ላይ ሙሉ በሙሉ አልተቀመጠም፣ ቡሎኖቹም ተጣመው ነው የቆሙት፤ ጭነት ተጭኖ ኮረኮንች መንገድ ሲመታው ይላላል ወይም ይበጠሳል። ስለዚህ ባለ 4 ቡሎን ተሳቢ ያለው ሰው ሜትርን ትቶ ካሊፐር መጠቀም አለበት።

የቡሎኑ ክብ መግጠሙ ብቻውን አይበቃም። ይህን የተማርኩት ገንዘብ ከፍዬ ነው። የተሳቢዬ ሞዞ ባለ 6 ቡሎን 139.7 መሆኑን አረጋግጬ አንድ የቆየ የብረት ቸርኬ ገዛሁ፤ ሻጩም «ስድስት ቡሎን ሁሉ አንድ ነው» ብሎ አረጋግጦልኝ ነበር። ቤት ደርሼ ሳስጠጋው ቀዳዳዎቹ ከቡሎኖቹ ጋር ልክ ሆኑ፤ ቸርኬው ግን በሞዞው አንገት፣ ማለትም ከመሃሉ ወጣ ባለው ክብ ብረት ላይ አልገባም። የሞዞው አንገት 105 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቸርኬው መሃል ቀዳዳ 67 ነበር፤ የኤል 200 ቸርኬ ነው የተሸጠልኝ። የሃይሉክስ ቸርኬ መሃሉ 106፣ የዲማክስ 100፣ የፓትሮል ደግሞ 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰፊው በጠባብ አንገት ላይ ይገባል፣ ጠባቡ ግን በሰፊ አንገት ላይ አይገባም። ሰፊው ሲገባም ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው የዳዶዎቹ ሾጣጣ ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ዳዶዎቹን በመስቀል ተራ እያፈራረቁና ጎማው ከመሬት ከፍ እንዳለ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚታየው የቸርኬው ጥልቀት ነው። ቸርኬውን ፊቱን ወደ መሬት አስተኝቶ፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አጋድሞ፣ ከእንጨቱ እስከ ሞዞ መቀመጫው ያለውን ርቀት መለካት ነው። በቆየው ቸርኬ ላይ ከተገኘው ቁጥር አዲሱ በጣም ከበለጠ ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ባሌስትራውን ወይም ሻንሲውን ይነካል፤ በጣም ካነሰ ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ ፓራፋንጎውን (የጎማውን መከለያ) ይፍቃል፤ ሞዞው የሚዞርበትን ኩሽኔታም ያለ አግባብ ይጫናል። ተሳቢው ሲጫን ባሌስትራው ስለሚወርድ ባዶውን ሳለ የታየ ክፍተት አያስተማምንም፤ ከጎማውና ከፓራፋንጎው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያሳልፍ ቦታ መቅረት አለበት።

በመጨረሻ የቡሎኑ ጥርስ ይታያል። የቶዮታ ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጥርሱ፣ ማለትም ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኒሳን፣ የሱዙኪና የላዳ ውፍረቱ ያው 12 ቢሆንም ጥርሱ 1.25 ነው። አንዱን ዳዶ በሌላው ቡሎን ላይ በኃይል ማስገባት ሁለቱንም ያበላሻል። የጠፋ ዳዶ ሲተካ ከሌሎቹ አንዱን ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ይገባል። ዳዶው በእጅ ብቻ በቀላሉ መዞር አለበት፤ 1.5 ጥርስ ባለው ቡሎን ላይ ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መያዝ ይኖርበታል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከብረቱ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይህን ዙር የሚያስቀር የቡሎን ርዝመት አያተርፍም፤ በዚያ ላይ አንዳንዱ የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬ ባለ ሮንዴላ ጠፍጣፋ ዳዶ እንጂ ሾጣጣውን አይቀበልም። ለተሳቢ የብረት ቸርኬ ይበቃል፤ ቢጣመም በመዶሻ ይቃናል፣ ለሌባም ያን ያህል አያጓጓም።

ጭነቱን የሚችል ጎማ

በከተማው ዳርቻ ተሳቢ በብዛት የሚገዛው ለውሃ ነው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ተሳቢው ራሱ 350 ኪሎ ግራም ነው ብንል ጠቅላላው 1,350 ይሆናል። ጥቂቱን የፒክአፑ መጎተቻ ቢሸከመውም፣ ለጥንቃቄ ሁሉንም ለሁለቱ ጎማዎች ብናካፍል ለእያንዳንዱ 675 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። በጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚነበበው የጭነት ቁጥር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። 82 የሚል ጎማ የሚችለው 475 ኪሎ ግራም፣ 85 የሚለው 515፣ 94 የሚለው 670፣ 102 የሚለው 850 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ ከቤት መኪና የወረደ 175/70 ባለ 13 ጎማ ቁጥሩ 82 ከሆነ፣ ቢገጥምም ይህን ሮቶ ሊሸከም አይገባም። 185 ባለ 14 የጭነት ጎማ፣ ማለትም ከልኩ በኋላ «ሲ» የሚል ፊደል ያለበትና ባለ 8 ፕላይ የሆነው፣ 102/100 ተብሎ ይጻፍበታል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ለነጠላ ጎማ፣ ሁለተኛው ለድርብ ነው። ይህ ጎማ 850 ኪሎ ግራሙን የሚችለው ግን እስከ 65 ፒኤስአይ ንፋስ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ጎሚስታው እንደ ቤት መኪና 30 ሞልቶ ከሰጠ አቅሙ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። መጠኑን ራስ መንገር ያስፈልጋል።

የጎማው ቁመት ከባልደረባው ጋር መቀራረብ አለበት። 175/70 ባለ 13 ቁመቱ 575 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 185 ባለ 14 ደግሞ 650 ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ አክስል ላይ ቢገጠሙ አንዱ ጎን ከሌላው ወደ 37 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ውሃ የተሸከመ ተሳቢ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ጎን ያዘነብላል። ጎሚስታ ቤት እስኪደረስ በዝግታ መጓዝ ይቻል ይሆናል፤ ከዚያ አልፎ የዘወትር ጎማ ሊሆን ግን አይችልም። ራዲያልና የቀድሞው ዓይነት ጎማም በአንድ አክስል ላይ አይቀላቀሉም።

ጥገና፣ ያገለገለ ወይስ አዲስ?

ያለው ቸርኬ የተጎዳው ጠርዙ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ጉድጓድ መትቶት ከታጠፈ፣ ማስጠገን ከሁሉም ርካሽና ከሁሉም አስተማማኝ ነው፤ መግጠሙ አያጠራጥርምና። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ከክብነት ወጥተው እንቁላል ከመሰሉ፣ ወይም በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ከታየ ግን ብየዳ አያድነውም፤ ቸርኬው ለቆራሌው ይሁን። ስንጥቁን ለማየት ዝገቱን በብረት ብሩሽ አጽድቶ በናፍጣ ማጠብና ማድረቅ ይጠቅማል፤ ናፍጣው በስንጥቁ ውስጥ ስለሚቀር መስመሩ ጎልቶ ይታያል።

ያገለገለ ቸርኬ የተለመደ ልክ ላለው ሞዞ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ በብዛት የሚገኝበት ስፍራ ሲሆን፣ ምናለሽ ተራም ብረታ ብረት ለሚፈልግ ሰው መታየት ያለበት ነው። ሆኖም ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ ተነሥቶ መርካቶ ከመግባት በፊት በሠፈሩ ያሉትን ጋራዦችና ጎሚስታዎች መጠየቅ ይሻላል፤ አንድም መመለስ ሲያስፈልግ ቅርብ ነው፣ አንድም ተሳቢውን ራሱን ይዞ ሄዶ በቦታው መሞከር ይቻላል። መርካቶ ተሳቢ እየጎተቱ መግባት ራሱን የቻለ መከራ ስለሆነ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የሞዞውን ምስል በካርቶን ላይ ይዞ ቢሄድ ይመከራል፦ ካርቶኑን ሞዞው ላይ አስደግፎ በመጫን የአንገቱንና የቡሎኖቹን ምልክት ማስቀረት፣ ከዚያም በምላጭ ቀዳዶ ማውጣት። ይህ ካርቶን ከማንኛውም የቃል ገለጻ የተሻለ መልስ ይሰጣል፤ እኔም ቢኖረኝ ኖሮ የኤል 200 ቸርኬ ባልተሸከምኩ ነበር።

ያገለገለው ቸርኬ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በትንሽ መዶሻ ይመታ። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ወይም ውስጡ በዝገት የተበላ ግን ድምፁ ይደፈናል። አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ በተለይ መጠራጠር ይገባል። ቸርኬው በሁለት ክፍል የተሠራ፣ ማለትም ጎማውን የሚያስረው ተነቃይ የብረት ቀለበት ያለው የድሮ ባለ 16 ከሆነ፣ ንፋስ ሲሞላ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል እንደሚችል መታወቅ አለበት። እንዲህ ያለውን በሰንሰለት አስሮ ወይም በብረት ቀፎ ውስጥ አድርጎ የማይሞላ ጎሚስታ ዘንድ አለመስጠት ነው፤ ምርጫ ካለም ለተሳቢ አለመግዛት።

አዲስ ቸርኬ ስለመግዛት ብዙ የሚባል የለም። ለ6 በ139.7 ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ለተሳቢ ስኮርታ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ነው። ገንዘቡን ለአዲስ ጎማ አውሎ ቸርኬውን ያገለገለ ማድረግ የተሻለ ክፍፍል ይመስለኛል፤ ብረት ካልተሰነጠቀና ዝገት ካልበላው ዘመን አያረጀውም፣ ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል።

የጎማውን ዕድሜ ማንበብ ቀላል ነው። በጎኑ ላይ ባለው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የሚገኙት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳያሉ። 3519 ማለት የ2019 35ኛ ሳምንት፣ በእኛ ነሐሴ 2011 ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካለበት ከ2000 በፊት የተመረተ ስለሆነ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም መተው ነው። ተሳቢ ብዙ ቆሞ ጥቂት የሚሠራ በመሆኑ ጎማው የሚሞተው ጥርሱ አልቆ ሳይሆን ጎኑ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ነው። የድሮ ቸርኬዎች ያለ ከመነዳሪ (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) ንፋስ ላይዙ ስለሚችሉ፣ ከመነዳሪው ከጎማው ጋር በልኩ መገዛት አለበት፤ የቫልቩ ቀዳዳ ጠርዝ ቢሾልና ዝገት ቢኖርበት ከመነዳሪውን ስለሚቀድ አስቀድሞ በሞረድ ይስተካከል።

አክስሉን መቀየር

ሞዞው የፔጆ፣ የቮልስ ወይም የላንድሮቨር ሆኖ የተገኘ ሰው ለአንድ ስኮርታ ወራት ከመንከራተት ይልቅ አክስሉን ቢቀይር ይሻለዋል የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዛሬ ስኮርታ የጠፋለት ሞዞ ነገ ኩሽኔታም ይጠፋለታል። ሁለተኛ፣ ተሳቢው በሃይሉክስ የሚጎተት ከሆነና ባለ 6 ቡሎን 139.7 አክስል ከተገጠመለት፣ የፒክአፑ ስኮርታ ለሁለቱም ይሆናል፤ ለተሳቢው ብቻ ሌላ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ወጪው ከአንድ ቸርኬ ብዙ እጥፍ ነው፤ ከዚያ የሚቀነሰው ግን ሁለቱ አሮጌ ጎማዎችና ቸርኬዎች፣ የፍለጋው ጊዜና መንገድ ላይ የሚታደርበት ሌሊት ነው። የሚገዛው አክስል የባሌስትራ መቀመጫዎቹ ርቀት ከተሳቢው ጋር እንዲቀራረብና የጎማዎቹ ከፍታ ከመጎተቻው ጋር እንዲስማማ አስቀድሞ መለካት አለበት፤ ተሳቢው አፍንጫውን ሰቅሎ ከሄደ ሚዛኑን ያጣል። ተሳቢው በዓመት ሁለት ጊዜ ጭድ ለማምጣት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያዋጣም፤ የተጠገነ ቸርኬና አዲስ ከመነዳሪ ይበቃዋል።

የሞዞውን ቡሎኖች አውጥቶ በሌላ ክብ ላይ እንደገና ማስበሳት፣ የቸርኬውን ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት፣ ወይም ቶርኖ ቤት ያዘጋጀው ማሸጋገሪያ ብረት ከሞዞውና ከቸርኬው መካከል ማስገባት ርካሽ አማራጮች ሆነው ይቀርባሉ። ሦስቱንም አልመክርም። በተለይ ቀዳዳ ማስፋት ቸርኬውን ወደ መሃሉ የሚመልሰውን የሾጣጣ መቀመጫ ያጠፋዋል፤ ማሸጋገሪያውም ጎማውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ኩሽኔታውን ያደክማል።

ስኮርታው ከተገኘ በኋላ በተሳቢው አፍንጫ ላይ፣ ከመጎተቻው ክንድ ጋር በተበየደ ቅንፍና በቁልፍ ማሰር የተለመደ ነው፤ ከጭነቱ ሥር ከተቀመጠ ግን ሮቶውን ሳያራግፉ ማውጣት አይቻልም። ለአንድ ጊዜ ገጥሞ መሞከር፣ ከዚያ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ ዳዶዎቹን ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል። የፒክአፑ የጎማ ቁልፍ ለተሳቢው ዳዶ ይሆን እንደሆነም በዚያው ይታይ፤ የሃይሉክሱ 21 ሆኖ የተሳቢው 19 ከሆነ ሁለተኛ ቁልፍ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ መግባት አለበት። ክሪኩም የሚቆምበት የእንጨት ድጋፍ ይኑረው፤ በክረምት የሰበታና የሱሉልታ ጥቁር አፈር ጭነት የተሸከመ ክሪክ ይውጣል።